«እኔ ጋ ይሠራል»፦ ድረ ገጾቻችን ለእንግዳ ለምን ይበላሻሉ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚገኝ አንድ ዕድር ድረ ገጹን እንድከታተልለት ጠይቆኝ በበጎ ፈቃድ ተቀብዬ ነበር። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ የሐዘን ማስታወቂያ ማውጣት፣ የስብሰባ ቀን ማስተካከል፣ የመዋጮ ጊዜ ሲቃረብ ማሳሰቢያ መለጠፍ ነበር። አንድ ምሽት ስልኬ ጠራ። ደዋዩ ከዕድሩ አንጋፋ አባላት አንዱ ናቸው።

«ልጄ፣ ድረ ገጹን ዘጋችሁት እንዴ?» አሉኝ።

«የለም አባባ፣ ክፍት ነው።»

«እኔ ጋ እኮ ሜኑው አልከፈት ብሏል። የነገውን ቀብር ሰዓትና ቦታ ፈልጌ አጣሁ።»

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ተመለከትሁ። ሜኑው ይከፈታል፤ ማስታወቂያው አለ፤ ሰዓቱም ቦታውም በግልጽ ተጽፏል። «አባባ፣ እኔ ጋ ይሠራል። ምናልባት ስልክዎ ይሆናል፤ አጥፍተው ያብሩት» አልኋቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ስልኩን ዘጉ። ሰዓቱን በቃል ብነግራቸው ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔ ግን ድረ ገጹ ጤነኛ መሆኑን ለማስረዳት ስጣደፍ የጠየቁኝን ረሳሁ። በማግሥቱ ከመቃብሩ ቦታ የደረሱት ሥርዓቱ ተፈጽሞ ለቀስተኛው ወደ መኪናው ሲመለስ ነበር።

ጥፋቱ የስልካቸው አልነበረም። ከዚያ ቀን 3 ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቀኖችን ከጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያው የሚለውጥ አጭር ስክሪፕት በድረ ገጹ ላይ ጨምሬ ነበር። ስክሪፕት ማለት ገጹ ከተከፈተ በኋላ በጎብኚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ትእዛዝ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሞከርሁት በአስተዳዳሪነት፣ በይለፍ ቃል ገብቼ ነው፤ ለእኔም ያለ እንከን ሠራ። ያለ ይለፍ ቃል ለሚመጣው ሁሉ ግን የገጹን ሜኑ ገድሎት ኖሯል። ለ3 ሳምንት ከእኔና ከሌሎቹ 2 አስተዳዳሪዎች በስተቀር ሜኑውን መክፈት የቻለ ሰው አልነበረም ማለት ነው። እኛ ሦስታችን ደግሞ ማስታወቂያ ለማንበብ ሜኑ አያስፈልገንም፤ የምንጽፈው እኛው ነን።

ከዚያ ወዲህ የማኅበራትን፣ የትምህርት ቤቶችንና የአነስተኛ ንግዶችን ድረ ገጾች ስመለከት ይኸው ስሕተት ተደጋግሞ ይገጥመኛል። ስለዚህም አቋሜ ይህ ነው፦ ድረ ገጽ የሚጠብቅ ሰው ሥራውን ስሙ በማይታወቅ እንግዳ ዓይን ሳያይ «ጨርሻለሁ» ሊል አይገባውም። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ምክንያቱ ከድር አሠራር ራሱ የሚመነጭ ነው።

ድር የቆመበት ኤችቲቲፒ የተባለው የመገናኛ ሥርዓት በተፈጥሮው ማስታወስ አይችልም። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጥያቄ የሚቀበለው ጠያቂውን ከዚህ በፊት እንዳላየው አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ለዚህ መፍትሔ ኩኪ የተባለውን ነገር አመጣ፤ ሰርቨሩ ለብራውዘሩ የሚሰጠው፣ ብራውዘሩም በሚቀጥለው ጥያቄ ይዞት የሚመለስ ትንሽ ማስታወሻ ነው። በይለፍ ቃል ስንገባ የምናገኘው ይህንኑ ማስታወሻ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰርቨሩ ለእኛ የሚያዘጋጀው ገጽ ሌላ ይሆናል። በአናቱ ላይ የአስተዳዳሪ መሣሪያዎች የተደረደሩበት አሞሌ ይመጣል፤ በየአንቀጹ አጠገብ የማረሚያ ቁልፍ ይታያል፤ ከጀርባም ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉ በርካታ ስክሪፕቶችና የገጽታ ፋይሎች ይጫናሉ። እንግዳው ይህ ሁሉ የለውም። አድራሻው አንድ ቢሆንም እኛና እሱ የምናየው ገጽ ሁለት ነው።

የዕድሩ ድረ ገጽ የተሠራው ድሩፓል በተባለው ሥርዓት ነበር። የእኔ ስክሪፕት ደግሞ ጄኩዌሪ በተባለው የኮድ ላይብረሪ ላይ የተመሠረተ ነው። ጄኩዌሪ ጆን ሬሲግ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው፣ ጃቫስክሪፕትን ለመጻፍ የሚያቀል መሣሪያ ነው፤ በየቦታው ከመለመዱ የተነሣ ብዙ ሰው የብራውዘሩ አካል ይመስለዋል። በድሩፓል 7 ዘመን ይህ ግምት ብዙም አይጎዳም ነበር፤ አንድ ገጽ ማናቸውንም ስክሪፕት ከጠራ ጄኩዌሪም አብሮ ይመጣ ነበርና። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 የወጣው ድሩፓል 8 ግን ደንቡን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ገጹ የሚጭነው «ያስፈልገኛል» ተብሎ በግልጽ የተመዘገበለትን ብቻ ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርበው ገጽ አንድም ስክሪፕት ላይኖረው ይችላል።

ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ። በሞባይል ዳታ እየከፈለ ገጽ የሚከፍት ሰው የማይጠቀምበትን ኮድ ለምን ያውርድ? እንደ እኔ ላለው ግድየለሽ ግን ወጥመድ ሆነ። የአስተዳዳሪው አሞሌ ራሱ ጄኩዌሪን ስለሚፈልግ፣ እኔ በይለፍ ቃል ስገባ ላይብረሪው አሞሌውን ተከትሎ ይመጣልኛል፤ ስክሪፕቴም ያልጠራውን እንግዳ እንደ ራሱ ወዳጅ ይጠቀምበታል። አሞሌው ለማይታየው ጎብኚ ላይብረሪውም አይመጣም። ስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ጄኩዌሪን ሲጠራ ብራውዘሩ «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» ብሎ ሥራውን ያቆማል።

«ታዲያ የቀን መለወጫው ቢሞት ሜኑው ለምን አብሮ ሞተ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔንም ያደከመኝ ይህ ጥያቄ ነበር። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ሲባል ሥርዓቱ በርካታ ስክሪፕቶችን አጣምሮ በአንድ ፋይል ይልካል። ብራውዘር ደግሞ በአንድ ፋይል ውስጥ ያልታረመ ስሕተት ሲገጥመው የቀረውን ትቶ ይወጣል። የሜኑው ኮድ በተጣመረው ፋይል ውስጥ ከእኔ ስክሪፕት በታች ተሰልፎ ነበር፤ ጠባብ ድልድይ ላይ የፊተኛው መኪና ሲበላሽ የኋላው ሁሉ እንደሚቆም እሱም ቆመ። ፋይሎቹ ሳይጣመሩ ለየብቻ ቢላኩ ኖሮ የሚቀረው የቀን መለወጫው ብቻ ነበር፤ ሜኑው ይተርፍ ነበር።

ነገሩ የድሩፓል ብቻ አይደለም። ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚጠቀሙበት ወርድፕረስም የራሱ ወጥመዶች አሉት። የአስተዳዳሪው አሞሌ በትልቅ ስክሪን ላይ 32 ፒክሰል፣ በስልክ ላይ 46 ፒክሰል ቁመት አለው። አንዳንዱ ስክሪፕት ጸሐፊ የገጹን ራስጌ ከአሞሌው በታች ለማስቀመጥ ቁመቱን የሚለካ ትእዛዝ ይጽፋል። ለእንግዳው የሚለካ አሞሌ ስለሌለ ትእዛዙ ባዶ ነገር ይዞ ይሰናከላል፤ ራስጌውም ከቦታው ይንሸራተታል። ሜኑን የሚያመለክቱት ሦስቱ አግድም መስመሮች ከወርድፕረስ የራሱ የምልክት ፎንት ከተወሰዱም፣ ፎንቱ ከአሞሌው ጋር ስለሚመጣ ለአስተዳዳሪው ምልክቱ ይታያል፤ ለሌላው ሰው ግን ባዶ ሳጥን ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የቅጾች ነገር ነው። በወርድፕረስ አንድ ስክሪፕት ገጹ ሳይታደስ ከሰርቨሩ ጋር እንዲነጋገር ሲደረግ፣ ትእዛዙ ሁለት ጊዜ መመዝገብ አለበት፤ አንዱ ለገቡ ተጠቃሚዎች፣ ሌላው «መብት ለሌላቸው»፣ ማለትም ለእንግዶች። ሁለተኛውን የረሳ ሰው ቅጹን ሲሞክር «መልእክትዎ ደርሷል» የሚል ምላሽ ያያል። እንግዳው ያንኑ ቅጽ ሞልቶ ሲልክ ሰርቨሩ ዜሮ ብቻ ይመልስለታል፤ በገጹ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። አንድ ማኅበር «በድረ ገጻችን የሚጠይቀን ሰው የለም» ሲል ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሰውን ፍላጎት ማጣት ሳይሆን ይህችን የተረሳች መስመር ነው።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች የሚታዩት ልዩ ፎንት በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ፎንቱ ስላለው ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበብለታል፤ ከሌላ አገር የሚከፍተው ወገን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይጠብቁታል። «ፎንቱን አውርደህ ጫን» የሚለው ማሳሰቢያ ራሱ በዚያው በማይነበበው ፊደል ተጽፎ ያየሁበት ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ፣ ስልኮችም የግዕዝን ፊደል ሲለምዱ ያ ችግር ቀለለ። ችግሩን የወለደው ልማድ ግን ከእኛ ጋር ቀርቷል፤ በራሳችን መሣሪያ ላይ ያየነውን ሁሉም ሰው የሚያየው ይመስለናል።

እንግዲህ እንዴት ይፈተሽ? የመጀመሪያው እርምጃ ከ2 ደቂቃ በላይ አይወስድም። ብራውዘሩ ላይ የግል መስኮት፣ በክሮም ኢንኮግኒቶ የሚባለውን፣ መክፈትና ድረ ገጹን እዚያ መጎብኘት ነው። ይህ መስኮት በዋናው መስኮት ያሉትን ኩኪዎች ስለማያውቅ ሰርቨሩ እንግዳ አድርጎ ይቀበለናል። በአንድ ነገር ግን ይታለላል፦ በአንዱ የግል መስኮት በይለፍ ቃል ከገቡ በኋላ ሌላ የግል መስኮት ቢከፍቱ መግባትዎ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የግል መስኮቶችን ሁሉ ዘግቶ እንደገና መጀመር ይገባል።

ገጹ በዚያ መስኮት ተበላሽቶ ከታየ፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 12 የተባለውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚከፈተው ኮንሶል በቀይ መስመሮች ምክንያቱን ይናገራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በጣም አስፈሪ የሚመስለውን ወይም የመጨረሻውን መስመር ይዞ ፍለጋ ይገባል። መነበብ ያለበት የመጀመሪያው ቀይ መስመር ነው፤ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ውጤቶች ናቸው። ከዚያም ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አድርጎ በእያንዳንዱ የተጫኑትን ፋይሎች ማነጻጸር ነው። በአስተዳዳሪው ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ በእንግዳው ውስጥ የሌለ ፋይል ካለ ተጠርጣሪው ተገኝቷል። እኔ ይህን ባደረግሁ ጊዜ የጄኩዌሪ ስም በአንዱ ዝርዝር ውስጥ ብቻ መኖሩን ለማየት ከአንድ ሲኒ ቡና የበለጠ ጊዜ አልፈጀብኝም። ለማየት ያልፈለግሁበት ጊዜ ግን 3 ሳምንት ነበር።

ኮንሶሉ ግልጽ ካልሆነ፣ የተጨመሩትን ስክሪፕቶች በግማሽ እየከፈሉ ማጥፋት የቆየና የታመነ ዘዴ ነው። 16 ስክሪፕቶች ቢኖሩ 8ቱን ያጠፏል፤ ገጹ ከዳነ ጥፋተኛው ከጠፉት መካከል ነው፤ ካልዳነ ከቀሩት መካከል ነው። እንዲህ እየከፈሉ በ4 ሙከራ ከጥፋተኛው ይደርሳሉ።

ጥፋተኛው ሲገኝ ደግሞ ብዙዎች የሚቸኩሉበትን መፍትሔ አልመክርም። ጄኩዌሪ ስለጎደለ ከሌላ አድራሻ ቀድተው በገጹ ራስጌ ላይ ይለጥፉታል። ያን ጊዜ እንግዳው ይድናል፤ በይለፍ ቃል የገባው ሰው ግን ሁለት ቅጂ ይጫንበታል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካና ከመጀመሪያው ጋር ተያይዘው የነበሩት ተቀጥላዎች ይጠፋሉ። ትክክለኛው መንገድ ስክሪፕቱ በተመዘገበበት ፋይል ላይ በምን እንደሚደገፍ መግለጽ ነው። በድሩፓል ሁለት አጭር መስመር ነው፤ በወርድፕረስም ስክሪፕቱን በሚጠራው ትእዛዝ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ይጨመራል። ሥርዓቱ ከዚያ በኋላ ላይብረሪውን ለሚያስፈልገው ሁሉ በቅደም ተከተሉ ያቀርባል።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ በግል መስኮትም አየሁ፤ ሠራ። ወደ አዛውንቱ ደወልሁና ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አሁንስ?» አሉ። «አሁን ተስተካክሏል» አልሁ። ጥቂት ቆይተው «ኧረ ልጄ፣ አሁንም እንደዚያው ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ሲል ዋጥሁት።

ነገሩ ሲጣራ ምክንያቱ ካሽ ነበር። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ እንግዳ ገጹን እንደ አዲስ ከማዘጋጀት ይልቅ አንድ ጊዜ ያዘጋጀውን ቅጂ አስቀምጦ ለሚመጣው ሁሉ ያድላል። በድሩፓልም ሆነ በብዙዎቹ የወርድፕረስ ካሽ መሣሪያዎች ይህ ቅጂ የሚሰጠው በይለፍ ቃል ላልገባ ሰው ነው፤ ለአስተዳዳሪው ይህ ቅጂ አይሰጠውም። እኔ በግል መስኮቴ የሞከርሁት የፊተኛውን ገጽ ብቻ ነበር፤ የእሱን ቅጂ አጽድቻለሁ። እሳቸው የሚከፍቱት ግን የሐዘን ማስታወቂያዎቹን ገጽ ነው፤ የዚያ ገጽ የተበላሸ ቅጂ እንደተቀመጠ ነበር። ካሹን በሙሉ ሳጸዳው ተከፈተላቸው። ይኸው ካሽ በቅጾች ላይም ተንኮል ይሠራል፦ ወርድፕረስ ለደኅንነት ሲል በቅጽ ውስጥ የሚያስገባው ምስጢራዊ ቁጥር ዕድሜው ካልተለወጠ ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። ገጹ በካሽ ውስጥ ለቀናት ከቆየ እንግዳው ጊዜው ያለፈበትን ቁጥር ይዞ ይመጣና ቅጹ አይቀበለውም።

«እኛ ከሥራ መልስ በሌሊት የምንሠራ በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ይህን ሁሉ የመፈተሽ ጊዜ የለንም» የሚል መልስ ከባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ድካማቸውን አውቀዋለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝና። ነገር ግን ጊዜ የሌለው ሰው መጀመሪያ መተው ያለበት መጨመሩን ነው። በድረ ገጾቻችን ላይ የምንለጥፋቸው ተንሸራታች ፎቶዎች፣ የሚወርዱ የአደይ አበባዎች፣ ወደ ኋላ የሚቆጥሩ ሰዓቶች አብዛኞቹ ከየትም የተቀዱ፣ ማን እንደጻፋቸው የማይታወቁ ስክሪፕቶች ናቸው። እያንዳንዱ ለእንግዳው አንድ ተጨማሪ የመሰናከያ ዕድል ነው። የማኅበራት ሥራ አስፈጻሚዎችም በየጥቂት ዓመቱ ለአዲስ ገጽታ ገንዘብ ሲመድቡ ሠሪውን የሚጠይቁት «ያምራል ወይ?» ብለው ነው። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ሠሪው ባለበት፣ የይለፍ ቃል በሌለው የአንድ አባል ስልክ ላይ ሜኑው፣ ቅጹና የመዋጮ መክፈያው እንዲሞከር ቢያዙ ከማንኛውም ውል የተሻለ ዋስትና ያገኛሉ።

ከዚህም አልፌ አንድ ነገር እላለሁ። ሰው አጥብቆ የሚፈልገው መረጃ በስክሪፕት ላይ መንጠልጠል የለበትም። የስልክ ቁጥር፣ የቀብር ሰዓት፣ የስብሰባ አድራሻ በገጹ ላይ በተራ ጽሑፍ ይቀመጡ፤ ጌጡ ከዚያ በላይ ይምጣ። ይህ መርሕ በድር ባለሙያዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ስም ወጥቶለት የሚታወቅ ነው። ለእኛ ግን የሙያ ወግ ብቻ አይደለም። በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እኅት፣ ለጥቂት ደቂቃ ስልክ በእጇ ሲገባ የአንድ ማኅበረሰብ ድረ ገጽ ከፍታ የምትደውልበትን ቁጥር ብትፈልግ፣ ሜኑው አልከፈት ቢላት ለማን ትናገራለች? አዛውንቱ ስልኬ ስለነበራቸው ደወሉልኝ። ሌላው እንግዳ ግን ምንም ሳይል ገጹን ይዘጋል፤ እኛም ዝምታውን «ችግር የለም» ብለን እንተረጉመዋለን።

የቀን መለወጫውን በመጨረሻ ከጎብኚው ስልክ አውጥቼ ወደ ሰርቨሩ አዛወርሁት፤ ቀኑ አሁን ተለውጦ በተራ ጽሑፍ ይመጣል። የዛሬ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር በራሳቸው ስለሚያውቁ፣ ያን ስክሪፕት ያለ ጄኩዌሪ መጻፍም ይቻል እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ነገር በለወጥሁ ቁጥር ደግሞ ለአዛውንቱ እደውላለሁ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ሜኑውን አንድ በአንድ ከፍተው ይነግሩኛል። ባለፈው ጊዜ «ሁሉም ይከፈታል» ካሉኝ በኋላ፣ «ፊደሉን ግን ለማን ነው እንዲህ ያሳነስኸው?» አሉኝ። እኔ ጋ ትልቅ ነበር።